ነጩ ፍርፋሪ

"ይሰማዎታል?" አለ ዶክተር ኤሮኒ፣ የቢምላን ከንፈር በቀጭን ብረት ነካ እያደረገ።

"ምንም።"

ባሏ ከሞተ ወዲህ የማደንዘዣ መርፌ ሳትወጋም ብዙ ነገር አይሰማትም ነበር።

የፊት ጥርሷ ከወለቀ ዓመት አልፎታል። ቃሏ በክፍተቱ እያፏጨ ስለሚወጣ፣ በላውቶካ ከተማ ላምን እንደ ቅዱስ የሚያከብሩት ሂንዱዎች ቅዱስ መጽሐፋቸውን ራማያናን ሊያነቡ ማክሰኞ ማክሰኞ በሚሰበሰቡበት ማኅበር ንባቡን የምትመራው አሁን ሌላ ሴት ናት። አዲስ ጥርስ እንዳይተከልላት ደግሞ ጥርሱ የሚታሰርበትን ብሎን የሚሸከመው የመንጋጋ አጥንት ሳስቷል። ስለዚህ ዛሬ አጥንት ይጨመርላታል።

ነርሷ ከብልቃጥ ነጭ ፍርፋሪ ወደ ሳህን አፈሰሰች።

"ይኼ ምንድን ነው?" አለች ቢምላ በከበደ ምላሷ።

"አጥንት ነው፣ እማማ" አለ ዶክተሩ። "የራስዎ አጥንት በላዩ እንዲያድግ ድጋፍ ይሆናል።"

"የማን አጥንት?"

"የላም፤ በእሳት የነጻ። ለእህትዎ በስልክ አስረድቻት ነበር እኮ!"

ለባለ ጉዳይዋ የሚነገረውን ለሌላ መንገሩ ጥፋት መሆኑ የገባው ይህን ሲናገር ነው። ቢምላ ጥግ ወደተቀመጠችው የባሏ እህት ወደ ራጅማቲ ዞረች።

"ምን ታፈጪብኛለሽ? ብነግርሽ ትመጪ ነበር? አታላምጪው፣ አትውጪው፤ ተቀብሮ ይቀራል። ማን ያያል?" አለች ራጅማቲ።

"በምን አፌ ላነብ ነው ታዲያ?"

"አሁንስ በምን አፍሽ እያነበብሽ ነው? የካህናችን ቀበቶ ከምን ቆዳ የተሠራ መሰለሽ፣ እቴ?"

ነርሷ ሳቋን ዋጠች። ቢምላ አልተቆጣችም፤ ቁጣውም ደንዝዞባታል። ያሰበችው ልጆቿን በወተቷ ያሳደገችላትን ላም ነበር። በሞተች ጊዜ ባሏ ሥጋ ሊገዙ የመጡትን ከበር መልሶ፣ ጉድጓድ ቆፍሮ፣ አበባ በትኖ ቀበራት። ማን ያያል ብሎ አልጠየቀም።

"ሌላ መንገድ የለህም፣ ልጄ?"

"ከራስዎ መንጋጋ፣ ከኋላ በኩል መቁረጥ ይቻላል። ግን ቁስሉ ሁለት ይሆናል። ማደንዘዣው ሲለቅ ክፉኛ ያምዎታል።"

"ያመኛል?"

"ብዙ ቀን።"

"ጉድ ፈላ!" አለች ራጅማቲ። "አንዱን ጉድጓድ ለመድፈን ሌላ ጉድጓድ!"

ቢምላ ገና ወዳልደነዘዘው የጉንጯ ጥግ በጣቷ ጠቆመች።

"ይመመኝ፣ ልጄ። እዚህም ውጋኝ" አለችና አፏን ከፈተች።