ውሻ የሌለው በር

ደላላው አጥሩን ቀና ብሎ አየና ራሱን ነቀነቀ።

«እማማ፣ ይሄ ቤት ነው ወይስ ወህኒ?»

ደሜ ፈላ። አጥሩ አናት ላይ የጠርሙስ ስባሪ ያስደረደርኩት እኔ ነኝ፤ በሩ ላይ ሦስት ጓጉንቸር ያንጠለጠልኩት እኔ ነኝ፤ «ኃይለኛ ውሻ አለ» የሚለውን ቆርቆሮ ያስጻፍኩትም እኔው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ? ልጄ ሥራ ትውላለች፣ ባሏ ተዛውሮ ሩቅ ከተማ ነው፣ ቤት የምንውለው እኔና የልጅ ልጄ ብቻ። ታዲያ ማን ይጠብቀን?

«ገዢ ይመጣል፣ ቆርቆሮውን ያነባል፣ ሳያንኳኳ ይመለሳል» አለ ደላላው። «ለመሆኑ ውሻው የታል?»

«ውሻማ የለም» አለች ልጄ ሳቋ እያመለጣት። «እናቴ ትበቃለች።»

እውነቷን ነው፤ ውሻ ኖሮን አያውቅም። ሰው እንዲያምን ብዬ ግን በየጠዋቱ በሩ ሥር በጣሳ ውሃ አስቀምጣለሁ።

ደላላው ሲሄድ ልጄ አጠገቤ ተቀመጠች። «እማዬ፣ ይሄ ቤት ካልተሸጠ እዚያ ቤት መግዛት አንችልም። ልጅቷ አባቷን በስልክ እያየች ልታድግ ነው።»

አንጀቴን በላችው። ሕፃኗ ስልኩን አቅፋ ስትተኛ የማያት እኔ አይደለሁም እንዴ? እሺ፣ ሁሉም ይነሳ አልኩ። እሺ ማለቱ ቀላል ነው፤ ማየቱ ነው ከባዱ። ልጄ ያመጣችው ቀለም ቀቢ ስባሪውን በመዶሻ እየመታ ሲያራግፍ፣ በየምቱ አንድ አንድ ጥርሴ የሚወልቅ መሰለኝ።

«ዓይንህን ጠብቅ! ደግሞ መሰላሉን ሳታስይዝ?»

«እንግዲያውስ ይያዙልኛ፣ እማማ።»

ያዝኩለት። እሱ አጥሩን ነጭ እስኪያደርግ፣ የበሩን ዝገት በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ አረንጓዴ እስኪቀባ ድረስ መሰላል ተሸክሜ ከረምኩ ብል ይቀላል። ልጄ ከደጁ ግራና ቀኝ አበባ ተከለች። ቤቱ አማረ፤ አልዋሽም። እኔ ግን ታጥቦ ፀጉሩን እንደተላጨ ሕፃን ብርድ እንዳይመታው እፈራለሁ። ልጄ «ይጣል» ያለችውን ሁሉ ሰብስቤ በማዳበሪያ ጆንያ ጓሮ ሸሸግሁ።

ቅዳሜ ገዢዎቹ መጡ፤ ባልና ሚስት፣ ከባልየው እናት ጋር። ወጣቶቹ ገና ከበሩ ፊታቸው በራ። አሮጊቷ ግን የአጥሩን አናት እያየች ደጅ ላይ ቆመች።

«ቤቱስ ያምራል። ግን እንዲህ ክፍት? ሌባ ቢመጣስ?»

«እማዬ ደግሞ ጀመረች» አለ ልጃቸው።

«እናንተ ሥራ ስትሄዱ ከልጆቹ ጋር የሚውለው ማን ሆነና? እኔ እዚህ አልገባም፤ አበቃ።»

ባልና ሚስቱ ተያዩ። ልጄ ከንፈሯን ነከሰች። ደላላው በዓይኑ «ዝም ይበሉ» አለኝ። እኔ ደግሞ ዝም ማለት ሳምንቱን ሙሉ በቅቶኛል። የሴትዮዋን እጅ ይዤ ጓሮ ወሰድኳትና ጆንያውን ፈታሁ።

«እህቴ፣ ይኸው። ጓጉንቸሮቹ ከነቁልፋቸው ናቸው። ስባሪውንም አጥሩ ላይ መልሰሽ ታስደረድሪዋለሽ።»

ቆርቆሮውን አንስታ በሻርፗ ጠረገችው። «ውሻው ክፉ ነው?»

ወደ ጆሮዋ ጠጋ አልኩ። «የለም እኮ።»

አፍጥጣ አየችኝና እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

«ብቻ ጠዋት ጠዋት ውሃ አስቀምጪለት» አልኳት።

«ውሃ ብቻ? አጥንትም እጥልለታለሁ እንጂ!»

ይሄ እንዴት ሳይመጣልኝ ቀረ!

ቤቱ በዚያው ሳምንት ተሸጠ። ዕቃችን ተጭኖ ስንነሳ ዞር ብዬ አየሁ፤ ቆርቆሮው አዲሱ አረንጓዴ ላይ ተመልሶ ተሰቅሏል።

«ወይኔ ቀለሙን!» አለች ልጄ።

የልጅ ልጄ «አባዬ ጋ ስንት ቀረን?» እያለች ትጠይቃለች። እኔ ጣሳዬን ጭኔ ላይ አስቀምጫለሁ። የአዲሱን ሰፈር አጥር ማን አይቶታል?