እሺ ካላላችሁን አንቀመጥም

እትዬ ቦሰና ቤታቸው ብርቱካንማ ቀለም መቀባቱን ያወቁት ላይብረሪ ውስጥ፣ ግድግዳ ላይ ነው። ቤቱ ራሱ ከተሠራ ጀምሮ ነጭ ነው፤ ብርቱካን የሆነው ካርታው ላይ ነው። ካርታው ደግሞ የሰፈሩ አዲስ ፕላን ነበር። ዊልሻየር ጎዳና ላይ የባቡር ጣቢያ እየተቆፈረ ስለሆነ፣ ሐበሻ በሚበዛበት ፌርፋክስ ዙሪያ ብርቱካን የተቀባው ሁሉ ፈርሶ ባለ ስድስት ፎቅ አፓርትመንት ይሠራበታል ተብሏል።

«የኔን ብቻ ነው የቀቡት?»

«ብሎኩን በሙሉ ነው፣ እትዬ ቦሲ» አለቻቸው ዶርቃ። ዶርቃ ከላያቸው የምትኖር ነርስ ናት፤ ጴንጤ፣ መኪና ስትነዳ የምትዘምር፣ መዝሙሩ ካላለቀ ፓርክ የማታደርግ። «ፕላኑ ካለፈ ያከራየን ላንድሎርድ ሸጦ ይወጣል። ሶ፣ ሕዝቡ የሚናገርበት ሂሪንግ ላይ ሄደን ኦብጀክት እናደርጋለን፣ አንፈልግም እንላለን። ሁሉም ሰው አንድ አንድ ደቂቃ ይናገራል።»

እትዬ ቦሰና መኪና አይነዱም። ከደጃቸው ሥጋ ቤቱ ድረስ ለመሄድ ግማሽ ቀን ይፈጅባቸዋል፤ መንገዱ ረዝሞ ሳይሆን ሰላምታው አላልቅ ብሎ። ልጃቸው ሊያ ራቅ ብሎ፣ ቶራንስ ውስጥ፣ ሰፊ ቤት አላት። እዚያ የሰነበቱ ጊዜ መንገድ ላይ ያገኙት እግረኛ ፖስተኛው ብቻ ነበር፤ እሱንም ሻይ ካልጠጣህ ብለው አስቀምጠውት የቶራንስ ደብዳቤ በሙሉ በማግስቱ ደረሰ። ይህ ቤት ከፈረሰ የሚሄዱት እዚያ ነው። በእሳቸው አቅም ፌርፋክስ ላይ ሌላ ቤት አይገኝም።

ነገሩን ለጋሼ አምደሚካኤል ነገሯቸው። ጋሼ አምደሚካኤል ያልገቡበት ሽምግልና የለም፤ የተፋታ አስታርቀዋል፣ ገና ያልተጋባም አስታርቀዋል። ወሬያቸው ላይ ትንሽ እርሾ ጣል ማድረግ ይወዳሉ።

«ተሰልፎ አንድ አንድ ደቂቃ መነጫነጭ ምን የሚሉት ነው?» አሉ። «ሽማግሌ ይላካል እንጂ። አንድ አፍ ሆነን እንገባለን፤ እሺ ካላሉን አንቀመጥም። ቫሊ የሚባለው ሰፈር ልጅ ልንጠይቅ ሄደን አባትየው እምቢ ቢለን፣ ደጁ ላይ ቆመን ቆመን በእግራችን መሃል ሣር በቀለ። አትክልተኛው መጥቶ በማሽን ዙሪያችንን ከርክሞ ሄደ። ኋላ ልጅቷንም ሰጠን፣ ምሳም ጨመረልን።»

«ሣሩስ?» አለች ዶርቃ።

«የሠርጉ ዕለት ተጎዘጎዘ።»

ዶርቃ ሳቋን ዋጥ አድርጋ «ጋሼ፣ እነዚህ ሰዎች ሽማግሌ አያውቁም። የሚቆጥሩት የተናገረውን ሰው ነው» አለች።

«ሲያዩን ያውቃሉ። አንቺም ቦሰና፣ ነገርሽ በሽማግሌ ተይዟልና እዚያ አፍሽን እንዳትከፍቺ።»

እትዬ ቦሰና ከሁለቱ መሃል ተቸነከሩ። ልጅቷ እውነት ያላት መሰላቸው፤ ግን ለልጅቷ እሺ ማለት ጋሼ አምደሚካኤልን በአደባባይ ማዋረድ ነው። 

የሂሪንጉ ዕለት ሦስቱ ሽማግሌዎች ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ገቡ፤ አምደሚካኤል፣ ጡረተኛው መሐንዲስ ጋሼ ታዴዎስና ጉልበታቸውን ኦፕራሲዮን የተደረጉት ጋሼ እንግዳ። አዳራሹ ግማሽ በግማሽ አረንጓዴ ቲሸርት በለበሱ ወጣቶች ተሞልቷል፤ ፕላኑ ይጽደቅ፣ ቤት አጥተናል የሚሉ ናቸው። እውነታቸውን ነው፣ አሉ እትዬ ቦሰና በሆዳቸው። አንዷ ባለ አረንጓዴ ተነስታ ለጋሼ እንግዳ ወንበሯን ለቀቀችላቸው። ጋሼ እንግዳ እጅ ነስተው እምቢ አሉ።

ተራው ሲደርስ አምደሚካኤል ማይክሮፎኑ ፊት ቆሙ፤ ሁለቱ ከኋላቸው። ዶርቃ ትተረጉማለች።

«እንደምን ዋላችሁ? ልጆቻችሁ ደህና ናቸው? ወንበራችሁን ያጽናላችሁ። የጀመራችሁትን ሥራ ይባርክላችሁ፣ ለፍሬ ያብቃላችሁ...»

ደቂቃው ሊያልቅ ነው የሚለው ቢጫ መብራት በራ።

«ጋሼ፣ ወደ ጉዳዩ» አለች ዶርቃ በሹክሹክታ።

«ሳልመርቅ?»

ምርቃቱ ሲያልቅ ጉዳዩ ገና ጫማውን እያሰረ ነበር። ቀይ መብራት በራ፤ ማይክሮፎኑ ጠፋ። መነጽሯን አናቷ ላይ የሰካችው ሰብሳቢ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ አመሰገነቻቸው። ሽማግሌዎቹ ጎን ሄደው ግድግዳው አጠገብ ቆሙ። ቆመው ቀሩ።

ሰብሳቢዋ ሰዓት እያለቀ ነው፣ ሁሉም መናገር አይችልም አለች። ፕላኑን የምትደግፉ ቁሙና እንቁጠራችሁ።

ባለ አረንጓዴዎቹ ግር ብለው ተነሱ። ዶርቃ ወደ ግድግዳው ሮጠች።

«ጋሼ፣ ተቀመጡ። በጌታ፣ ተቀመጡ።»

«እሺ ሳይሉን ብንቀመጥ ባዶ እጃችንን ተመለስን ማለት አይደል እንዴ?»

«የሚደግፍ ይቁም ነው ያለችው።»

«እኛ ቀድመን ነው የቆምነው። በራሳችን ጉዳይ ነው።»

እትዬ ቦሰና ከኋላ ወንበር ሆነው ቆጣሪው ጣቱን ቀስሮ ሲመጣ አዩ። ጣቱ አረንጓዴ፣ አረንጓዴ እያለ መጥቶ ሦስቱን ጋቢዎች አንድ በአንድ ነካ። ሊጮኹ አፋቸውን ከፈቱ። ሽማግሌዎቹን እዚያ ሁሉ ሰው ፊት አዋርደው? በምን እንግሊዝኛ? አፋቸው ተከፍቶ ቀረ።

የምትቃወሙ ቁሙ ሲባል ዶርቃ ነበረች፣ እትዬ ቦሰና ነበሩ፤ ደግሞ በየስብሰባው እየመጣ መንጋትንም ፀሐይንም የሚቃወም አንድ ሰውዬ። ቆጣሪው ሽማግሌዎቹን ቅድም ስለቆጠራቸው አለፋቸው። ዶርቃ ሄዳ ተሳስተሃል ብትለው በትህትና አዳመጣት፤ የሕዝቡ ንግግር ተዘግቷል አላት። ኮሚቴው እጅ አወጣ፤ ፕላኑ አለፈ። ሰብሳቢዋ ወደ ግድግዳው ዞር ብላ፣ በተለይ የኢትዮጵያውያን አባቶች ምርቃትና ድጋፍ ልቧን እንደነካው ተናገረች። አዳራሹ አጨበጨበላቸው።

«ምን አለች?» አሉ አምደሚካኤል።

ዶርቃ እትዬ ቦሰናን አየች። እትዬ ቦሰና የሚያዩት የጋሼ እንግዳን ጉልበት ነበር፤ ከጋቢው ሥር ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ግንባራቸው ላይ ቸፍ ብሏል።

«እሺ ብላለች» አሉ። «ተቀመጡ።»

ሦስቱም ተቀመጡ። ጋሼ እንግዳ እህህ ብለው ጉልበታቸውን ያዙ።

እሺ ተባሉ የሚለው ወሬ ከዶርቃ መኪና ቀድሞ ፌርፋክስ ደርሶ ጠበቃቸው። ለእራት የሰፈሩ ምግብ ቤት ሲገቡ አምደሚካኤል ጋቢያቸውን አስተካክለው ጀመሩ፤ ሰብሳቢዋ አልቅሳለች፣ መሐረብ ያቀበሏት እሳቸው ናቸው።

«እውነት አለቀሰች፣ እትዬ ቦሰና?» አለ አስተናጋጁ።

«መሐረቡ አልበቃትም» አሉ እትዬ ቦሰና።

ስልካቸው ሲጠራ ወደ ውጭ ወጡ። ሊያ ናት።

«ማሚ፣ እንዴት ሆነ? ምን አሉ?»

«ክፍሉን አስተካክይልኝ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«አልፏል እንዴ? ኦ ማሚ። ኦኬ፣ እኔ መጥቼ...»

ሦስት ሴቶች ከመንገዱ ማዶ እየተሻገሩ ነበር። «እንኳን ደስ አለዎት፣ እትዬ ቦሰና» አለች የፊተኛዋ ገና ሳትደርስ። «በዚሁ ቤትዎ ዕድሜ ይስጥዎት።»

እትዬ ቦሰና ሊያ እንዳትሰማ ስልኩን ደረታቸው ላይ ለጠፉት።

«አሜን» አሉ። «አሜን፣ ልጆቼ።»