ባለ ካባው ሲከበብ

ፈንታው ቀኝ እጄን የሰበረው በውሃ ተራ ነው። ከተራራው የወረደው ጎርፍ የዚያን ቀን የእኛን ማሽላ ማጠጣት ነበረበት፤ ተራ የሚያካፍለው የውሃ አባትም ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ተናግሮ ነበር። እሱ ግን ቦዩን ወደ ራሱ ማሳ ቀለበሰው። ልመልሰው ጎንበስ ስል ሽመሉን አንጓዬ ላይ አሳረፈብኝ። አጥንቱ ሲገጥም ጠሞ ገጠመ፤ ዛሬ ከአውራ ጣቴ በቀር አንዱም ጣት በወጉ አይታጠፍልኝም። ሸሚዜን የምትቆልፍልኝ እህቴ ናት።

ታርቃችኋል ይሉኛል። እርግጥ ሽማግሌ ተቀምጧል፣ ሼኩም ቄሱም ዋርካው ሥር ነበሩ። እኛ አገር እርቅ ወግ አለው። በዳይ ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ ይመጣና የተበዳዩ እግር ሥር ተደፍቶ በገዛ አፉ «ማረኝ» ይላል። ያን ቀን ድንጋዩን ተሸክሞ የመጣው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? አጎቱ፣ አያ ካሳ! ፈንታው ዋጃ ሄዶ እዚያ አሞታል ተባለ። ውሸት! ዋጃ ጠላ ቤት ቁጭ ብሎ ሲስቅ ያዩት ሰዎች አሉ። እኔ ምን ላድርግ? ያን የሚያክል ሽበታም ሰውዬ ድንጋይ ተሸክሞ እግሬ ሥር ሲደፋ እምቢ ልበል? «ለአላህ ብዬ ይቅር ብያለሁ» አልኩ። ያልኩት ግን ለአያ ካሳ ነው፤ ለፈንታው አይደለም።

ታዲያ አንዴ እርቅ ከወረደ ነገሩን መልሶ ያነሳ ሰው እርቅ አፍራሽ ይባላል። ስለዚህ «ና፣ በገዛ አፍህ ማረኝ በለኝ» ብዬ ልጠይቀው አልችልም። ደጄ ቢመጣም ግባ እንጂ ውጣ አይባልም። ያቺን አንዲት ቃል ከዚያ ሰውዬ አፍ ሳልሰማ እንዳልሞት ብቻ ነበር የምመኘው።

እና ይመጣል እኮ! እህቴ ራቢዓ ቆቦ መናኸሪያው ጀርባ ጌም ቤት አላት። እጄ ሳይሰበር በፊት ባለ ሰይፉን ጨዋታ ከቆቦ እስከ ጎብዬ እኔን የሚረታ አልነበረም። ያ ጨዋታ ሁለት እጅ ይፈልጋል፣ ያውም ፈጣን እጅ። ፈንታው ይሄን እያወቀ ቤት ሙሉ ሰው ትቶ እኔኑ ይመርጣል። «ረዲ፣ ና እስቲ አንድ እንጫወት» ይለኛል። እምቢ ካልኩ ቂም ይዟል ይባላል፤ እሺ ካልኩ ይደበድበኛል። ሲያሸንፍ ደግሞ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «አይዞህ፣ እጅህ ነው እንጂ አንተስ ጎበዝ ነበርክ» ይላል። እጅህ ነው ይለኛል! ማን እንዲህ አደረገውና? እቤቴ ገብቼ ትራስ እነክሳለሁ።

አዲሱን ዲስክ ራቢዓ ከደሴ ያመጣችው በዚህ መሀል ነው። ሽፋኑ ላይ ያው የምናውቀው ባለ ቀይ ካባ ሰይፉን መዞ ቆሟል። ልጁ ሁሉ ግር ብሎ ገባ። ስንከፍተው ግን ዘመድነቱ በመልክ ብቻ ነው፤ መሯሯጥ የለ፣ መከታከት የለ። መሬቱ እንደ ዳማ በካሬ በካሬ ተከፋፍሏል። ባለ ካባው ጥቂት ካሬ ሄዶ ይገተራል፣ ቀጥሎ ጠላት በተራው ይመጣል፣ ከዚያ እንደገና አንተ። በየመሀሉ ማንም የማያነበው የእንግሊዝኛ ወሬ ነው።

«ኧረ ይሄ ነገር ጦርነት ነው ወይስ የቀበሌ ስብሰባ?» አለ ባጃጅ ነጂው እሸቴ። ቤቱ በሳቅ አለቀ። ግማሹ ተነስቶ ሄደ።

እኔ ግን ሳልስቅ አየሁት። ጆይስቲኩን ጭኔ ላይ አስቀምጬ በግራ እጄ ብቻ ሞከርኩ። ማንም አያጣድፍህም! አስበህ፣ ቆጥረህ፣ ደስ ሲልህ ትነካለህ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ደንበኛ ሳይመጣ በጠዋቱ እየገባሁ አጠናሁት። ወሬው ይሰለቻል፣ ቀስተኞቹንም አብዝተውበታል፤ እውነቱን ለመናገር ከዋናው ጨዋታ ጋር ቢወዳደር ግርማ የለውም። ነገር ግን ከኋላ የተመታ ሰው ክፉኛ ይጎዳል፣ ከፍታ የያዘም ይበልጣል። ዋናው ነገር ደግሞ ሰውን ከበህ መውጫ ማሳጣት ትችላለህ። ጠላቴን ለመጀመሪያ ጊዜ በአራቱም ጎን የከበብኩት ቀን፣ ወላሂ፣ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ወዲያው ፈንታው ትዝ አለኝ።

በገበያ ቀን መጣ። «ረዲ፣ እንጫወት» ከማለቱ፣ «በአዲሱ ይሁን?» አልኩት።

«ምን ችግር አለው? ያው ነው» ብሎ ከጎኔ ዘፍ አለ።

ያው ሊሆን! ፈንታው ሁሉ ነገር የሱ ይመስለዋል። ወታደሮቹን በሙሉ ሜዳው ላይ ነዳቸው። እኔ ጉብታ ላይ ወጥቼ ጠበቅሁት። አንዱ ወደቀ፣ ሌላው ወደቀ። «ቆይ፣ ይሄ ቁልፍ አይሠራም እንዴ?» እያለ ጆይስቲኩን ያራግፋል። የቀረው አለቃው ብቻ፣ ባለ ካባው፣ ሆነ። ወንዝና ገደል መሀል አስገብቼ በቀረው በኩል በሰዎቼ ዘጋሁበት። አለቃው ከሞተ ጨዋታው አለቀ ማለት ነው። አንዲት ቁልፍ መንካት ብቻ ቀርቶኛል።

«ጨርሰው!» አለ ቤቱ በአንድ አፍ።

አልጨረስኩትም። ተራዬን አሳለፍኩ።

ፈንታው በተራው ከሰዎቼ አንዱን ጫር አደረገው፤ እኔም አከምኩትና እንደገና አሳለፍኩ። አሁንም ጫር አደረገ፣ አሁንም አሳለፍኩ። በኛ ቤት ሕግ ተሸናፊ ይነሳል፤ ሳይሞት የተነሳ ግን ሸሸ ይባላል። ራያ ውስጥ ደግሞ ሸሸ ከሚሉት ቢቀብሩት የሚመርጥ ብዙ ነው፣ ፈንታውም አንዱ ነው። ስለዚህ ቁጭ ማለት ግዴታው ሆነ። ጠማማ እጄን አንስቼ ጠረጴዛው ላይ፣ ከፊቱ አስቀመጥኩለት። ሌላ ምንም አላልኩም። ነገር አንስቷል እንዳይሉኝ አፌን ዘጋሁ። ይያት! ጠግቦ ይያት!

«ምን ትጠብቃለህ? ግደለኝና እንገላገል» አለ እየሳቀ።

«አልቸኮልኩም» አልኩት።

ልጆቹ መጮህ አቆሙ። እሸቴ ነገሩ ገብቶት ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። የፈንታው ግንባር አላበው። ስክሪኑን ያያል፣ እጄን ያያል፣ በሩን ያያል፣ ተመልሶ እጄን ያያል። ሳቁ ጠፋ። ሳሳልፍበት፣ ሳሳልፍበት፣ በመጨረሻ ጆይስቲኩን ጭኑ ላይ አሳረፈና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ረዲ።»

«አቤት።»

«ያን ቀን... ያ የውሃው ነገር...»

ያ አላህ! ዞሬ አላየሁትም፤ ካየሁት ይደነግጣል ብዬ ፈራሁ። ምራቁን ሲውጥ ሰማሁት። በዓይኔ ጥግ አንገቱን ሲደፋ አየሁ።

«እኔ ያን ቀን አንተን...»

መጋረጃው ተገለጠ። ራቢዓ ናት። ሱቅ ደርሳ መመለሷ ነበር፣ የሆነውን አላየችም። ያየችው ባለ ካባው ተከቦ መቆሙንና የኔ ጣት ቁልፉ ላይ ሆኖ አለመንካቱን ብቻ ነው።

«ውይ! እጅህ እምቢ አለህ? አይዞህ፣ እኔ አለሁልህ!» አለችና በትከሻዬ ላይ ተንጠራርታ ቁልፉን ተጫነችው።

«ተይ!» ብዬ ሳልጨርስ ባለ ካባው ወደቀ። ልጆቹ ቤቱን በጩኸት አናጉት።

ፈንታው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። ቀና ሲል ፊቱ ተመልሶ ያ የማውቀው ፊት ሆኗል። «ተሸነፍኩ! በቃ፣ ተሸናፊ ይነሳል» ብሎ ብድግ አለ። ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። «ጎበዝ ነህ፣ ረዲ» አለኝና መጋረጃውን ገልጦ ወጣ። በዚያው ሳምንት ሥራ አገኘሁ ብሎ ወደ አፋር ወረደ፤ እስከዛሬ አልተመለሰም። እርቅ የወረደበትን ሰው ሥራው ድረስ ተከትዬ ሄጄ ምን ጀምረህ ነበር ልለው ነው?

ራቢዓ ጠማማ እጄን በሁለት እጇ አፈፍ አድርጋ ሳመችው። እያለቀሰች ነው፣ እየሳቀች ነው። ስንት ዓመት እሷም ትራስ ስትነክስ ኖራለች ለካ፣ ያን ቀን ነው የገባኝ።

«አየኸው ሲወድቅ? መለስኩልህ ወንድሜ! ደምህን መለስኩልህ!»

በግራ እጄ እንባዋን ጠረግኩላት።

«እሰይ፣ እህቴ» አልኳት። «እጅሽ ይባረክ።»