መጨረሻው ያልታየ ፊልም

ሸዋንዳኝ ሦስተኛውን መስመር አስምሮ ማስመሪያውን አነሣና አንገቱን ዘንበል አድርጎ አየው። ጫፉ ላይ ትንሽ ጠሟል። ላጲስ አወጣ።

«አንተ ሰውዬ፣ ፊልም ልንመርጥ ነው ወይስ የቤት ፕላን ልናወጣ?» አለው ጥበቡ፣ ሶፋው ላይ እንደተንጋለለ።

ሸዋንዳኝ በጠመመ መስመር ላይ የፊልም ስም አይጻፍም ብሎ የሚያምን ሰው ነው። ይህን እምነቱን ጮክ ብሎ ቢናገረው ምን እንደሚመስል ስለሚያውቅ ግን የጠመመውን በላጲሱ ፈገፈገ።

አርብ ከሰዓት ነው። ያሉት ሻርጃ፣ አል መጃዝ፣ ፀደንያ ከሥራ ባልደረባዋ ጋር በተከራየችው ቤት ነው። ፀደንያ ባንክ ትሠራለች፤ ጥበቡ አየር መንገድ ጭነት ክፍል ነው፤ ሸዋንዳኝ ደግሞ ዱባይ ማሪና ካለ ሆቴል ተቀምጦ ለማያውቃቸው ሰዎች ባሕር የሚያሳይ ክፍል ሲይዝ ይውላል። ሦስቱን ያገናኛቸው የፊልም ፍቅር ነው። በየሁለት ሳምንቱ ይሰበሰቡና ምድብ ያወጣሉ፤ የሳቅ፣ የለቅሶ፣ የድብድብ። በየተራ አንዳንድ ፊልም ይመርጣሉ፤ አንዱ የወሰደውን ሌላው አይነካም። በመጨረሻ ዝርዝሩ ይነበብና አሸናፊው በድምፅ ይለያል።

ሸዋንዳኝ አንድም ቀን አሸንፎ አያውቅም። አርባ ፊልም በደረጃ ጽፎ፣ ከየስማቸው ግርጌ ምክንያት ዘርዝሮ ይመጣል። ጥበቡ ባዶ እጁን ይመጣና «ያቺ ሰውየው ፍየል ተከትሎ የማያውቀው ሠርግ የሚገባባት» ይላል፤ ቤቱ በሳቅ ይሞላል፤ ሸዋንዳኝ ከዝርዝሩ የተወሰደበትን አንደኛውን ይሰርዛል።

የጨዋታውን ሕግ ያረቀቀው ግን እሱ ነው። ዘጠኝ አንቀጽ አለው። ከሁሉም የሚኮራው በአራተኛው ነው፦ «እስከ መጨረሻው ያላዩትን ፊልም መምረጥ ክልክል ነው።»

ሁለቱ የማያውቁት አንድ ነገር ነበር። ከስድስት ዓመት በፊት፣ አዲስ አበባ ሳለ፣ ገጣሚ ነኝ በሚልበት ዘመን፣ ሸዋንዳኝ አንድ የፊልም ድርሰት ጽፏል። ፊልሙም ተሠርቷል። «የዝምታሽ ሁለተኛ ፎቅ» ይባላል። ይህን ስም ሲያወጣ ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አጥቷል፤ ተመልካቹ ግን አላጣም። ዘጠኝ ቀን ታይቶ ወረደ፣ ሲዲ ሆነ፣ ከዚያ የት እንደገባ እንጃ። የደራሲው ስም ፖስተሩ ላይ ከስፖንሰሩ የቀለም ባልዲ ጀርባ ስለተደበቀ ማንም አላወቀበትም።

አሁን የሚመኘው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አንድ ሰው፣ በየትኛውም ምድብ ይሁን፣ ያን ስም ሲጠራ መስማት። «የሚያስተኛ ፊልም» የሚል ምድብ ቢወጣ እንኳ ቅር አይለውም። እንዲያውም አንድ ጊዜ ራሱ ሊያቀርበው አስቦ ነበር።

«ለሐጁ ሕጉን አንብብላት እንጂ» አለች ፀደንያ ከወጥ ቤት ብቅ ብላ።

ሐጁ የምትላት ሐጂራ ለጨዋታው ዛሬ የመጀመሪያዋ ነው። ከፀደንያ ጋር ደሴ አንድ ሰፈር ነው ያደጉት። አጅማን ሰው ቤት ትሠራለች፤ አሠሪዋ ማዳም በወር ሁለት አርብ ትለቃታለች፣ ከመግሪብ ሶላት በፊት መመለስ አለባት። ሸዋንዳኝ ዘጠኙን አንቀጽ አነበበላት። ሐጂራ ሻርፗን እያስተካከለች በትዕግሥት ሰማችው።

«ስሰርቅ ብያዝ እንኳ እንዲህ አይነበብልኝም» አለች።

የሳቁን ምድብ ጥበቡ ወሰደው። በለቅሶው ፀደንያ ስለ አንዲት የጠፋች ላም የተሠራ ፊልም መርጣ፣ ስትተርከው ራሷ አለቀሰች። ሦስተኛው ምድብ «መጨረሻው የሚያምር ፊልም» ነበር። ቀድሞ የመምረጥ ዕጣው ለሐጂራ ወጣ።

«የዝምታሽ ሁለተኛ ፎቅ» አለች።

የሸዋንዳኝ እርሳስ ወደቀ። ሊያነሣው ጎንበስ አለና ጠረጴዛው ሥር ትንሽ ቆየ፤ ፊቱ ምን እየሠራ እንደሆነ እርግጠኛ አልነበረም።

«የማን ፎቅ?» አለ ጥበቡ።

«ስሙ ያስቃል፣ አውቃለሁ። ልጁ ሥራ የሌለው ገጣሚ ነው። ልጅቷ ሁለተኛ ፎቅ ትኖራለች፤ ከማንም ጋር አትነጋገርም። እሱ በየቀኑ ጃንጥላ ይዞ ከሥር ይቆማል።»

«ከዚያስ?»

«ይቆማላ።»

«ፊልሙ ስንት ሰዓት ነው?»

«ሁለት ሰዓት ለመሙላት ምንም አይቀረውም።»

«ሁለት ሰዓት ቆሞ! ይሄ ፊልም ነው የአውቶብስ ሰልፍ?»

አንድ ሰዓት ከሃምሳ ሦስት፣ ሊል ፈልጎ ሸዋንዳኝ ምላሱን ነከሰ።

«አትሳቅ፣ መጨረሻውን ስማ» አለች ሐጂራ። ድምፅዋ ዝቅ አለ። «አንድ ቀን ልጅቷ ደረጃውን ትወርዳለች። እጇን የበሩ እጀታ ላይ ታሳርፋለች። ትከፍተዋለች። ልጁ ጫማው በስብሶ እዚያው አለ። እሱን ታየዋለች፤ ሰማዩን ታየዋለች። ‹ዝናቡ እኮ ቆሟል› ትለዋለች። ‹ጃንጥላህን እጠፈው።› ያጥፈዋል። በቃ፣ ያልቃል።»

ጥበቡ ተነሥቶ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ።

«ዋላሂ ያምራል» አለ። «ይሄን የጻፈው ሰውዬ ሁለት ሰዓት ቢያቆመኝም ይቅር ብዬዋለሁ።»

ሸዋንዳኝ ስድስት ዓመት ሲጠብቀው የኖረው ሰዓት ይኸው መጣ። የሚጠበቅበት ዝም ማለት ብቻ ነበር። ዝም ማለት ደግሞ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚችለው ብቸኛ ሙያ ነው።

«እንደሱ አይደለም የሚያልቀው» አለ።

ሦስቱም ዞረው አዩት።

«ምንም አትለውም። በሩን ትከፍታለች፤ እሱ ወደ እሷ ሊሻገር ሲል ሲኖትራክ ይገጨዋል። ከዚያ አስፋልቱ ላይ ተዘርሮ ግጥም ያነባል። አራት ደቂቃ።»

«ተገጭቶ?» አለች ፀደንያ።

«ተገጭቶ።»

«አራት ደቂቃ ሙሉ?»

«ስድስት ነበር፤ ዳይሬክተሩ ቆረጠው።»

ይህን ብሎ ሲጨርስ ምን እንደተናገረ ገባው። ጥበቡ ላይ ሳቁ ከሆዱ ተነሥቶ ወደ ላይ ሲመጣ ይታየዋል።

«ዳይሬክተሩ ቆረጠው! አንተ ልጅ፣ እውነት ያንተ ነው? ሁለት ሰዓት ያቆምከው አንተ ነህ? ፀዲ፣ ለካ ደራሲ ነው ቤትሽ ገብቶ መስመር ሲያሰምር የኖረው!»

ፀደንያ አፏን በእጇ ይዛ ሶፋው ላይ ወደቀች። ሐጂራ ግን አልሳቀችም።

«ገደልከው?» አለችው።

«እ... አዎ።»

«ለምን?»

ይህን ጥያቄ አዲስ አበባ ሳለ ማንም አልጠየቀውም። «አሳዛኝ እንዲሆን» አለ። ጮክ ተብሎ ሲነገር ድርቅ ያለ ነገር ሆነ።

ሐጂራ ከቦርሳዋ ጠርዙ የተሰነጠቀ የሲዲ ማኅደር አወጣች። ከእሷ በፊት ማዳም ቤት ትሠራ የነበረች ልጅ ከወጥ ቤቱ ጀርባ ካለችው ክፍል ትታው የሄደችው ነው። ማዳም የኢንተርኔቱን ቁልፍ ለሠራተኛ አትሰጥም፤ ሐጂራ የማዳምን ልጆች አሮጌ ማጫወቻ ተውሳ የምታየው ፊልም ይህ ብቻ ነበር። ዲስኩ ተፍቋል፤ የልጅቷ እጅ የበሩ እጀታ ላይ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ዛሬ ያመጣችው የፀደንያ ኮምፒውተር ምናልባት ያሳልፈው እንደሆነ ብላ ነው፤ የፀደንያ ኮምፒውተር ግን ሲዲ መክተቻ የለውም።

«ሦስት ዓመት ነው» አለች። «ዕረፍት ልውጣ ስል፣ ወደ ዓረብ አገር ለሥራ መውጣት ታግዷል፣ አገርሽ ከገባሽ ላትመለሺ ትችያለሽ ይሉኛል። እናቴም ‹እዚያው ሁኚ› አለችኝ። እንግዲህ እኔም እዚህ፣ ልጁም እዚያ ቆመን። ልጅቷ መቼም በሩን ከፍታ የሆነ ነገር ማለት አለባት ብዬ፣ ማታ ማታ ስተኛ እኔው አስጨረስኳት። አንተ ለካ መኪና ልከህበት ኖሯል!»

አሁን ጥበቡም አልሳቀም። ዝምታ ስለማይስማማው የሕጉን ወረቀት ከጠረጴዛው ላይ አነሣ።

«እንግዲህ አንቀጽ አራት» አለ። «መጨረሻውን አላየችም። ሐጁ፣ በእኔ አትፍረጂ፤ ሕጉ የሱ ነው። ምርጫው ወደቀ፣ ኸላስ፣ አበቃ።»

ሐጂራ ሲዲውን ወደ ቦርሳዋ መመለስ ጀመረች። ሸዋንዳኝ አያት። በዓለም ላይ ያን ስም የጠራች አንዲት ሰው፤ እሷንም በገዛ ሕጉ ሊያስወጣት ነው። ከዚህ በላይ የተሟላ ውድቀት ጽፎ እንኳ አያውቅም።

«እኔም አላየሁትም» አለ።

«ምኑን?»

«መጨረሻውን። የምርቃቱ ቀን መኪናው ሲመጣ አዳራሹ ሳቀ። ግጥሙ ሲጀመር ደግሞ አጨበጨቡ፤ ያለቀ መስሏቸው። ተነሥቼ ሽንት ቤት ገባሁና መብራቱ እስኪበራ ድረስ እዚያ ተደበቅሁ። ከዚያ ወዲህ አይቼው አላውቅም። በአንቀጽ አራት እኔም ልመርጠው አልችልም።»

ፀደንያ እንባዋን በመዳፏ ጠረገች፤ የሳቅ ይሁን የሌላ አይታወቅም። «ስለዚህ እዚህ ቤት መጨረሻውን ያየ ሰው የለም» አለች በባንክ ሠራተኛ ድምፅ። «ሁለት መጨረሻ ቀርቧል። የሱኖትራኩ የሚሻል እጁን ያውጣ።»

«ሲኖትራክ» አለ ሸዋንዳኝ፣ ሳያስበው።

«አንተ ሙሽኪላ፣ ችግር ብቻ! እጅህን ታወጣለህ አታወጣም?»

አላወጣም። ማንም አላወጣም። «የሐጁ የሚሻልስ?» ስትል ጥበቡ ሁለት እጁን አወጣ። ሸዋንዳኝ አንዱን፣ እስከ ትከሻው ድረስ ብቻ፤ ከዚያም ቀስ ብሎ ከፍ አደረገው።

አሥር ሰዓት ተኩል ሆኗል፤ ሐጂራ የአጅማንን አውቶብስ መያዝ አለባት።

«ጻፍልኝ» አለችው ጫማዋን እያደረገች። «የፊልም አጻጻፍ አለው አይደል? እንደዚያ አድርገህ።»

ሸዋንዳኝ ንጹሕ ወረቀት አወጣ። የትዕይንቱን ቁጥር ጻፈ። ውጪ፣ ቀን፣ የፎቁ በር። ልጅቷን ደረጃውን አስወረዳት፣ በሩን አስከፈታት። ሐጂራ አንድ እግሯን ጫማ ውስጥ እንዳደረገች በትከሻው በኩል ታነባለች።

«‹እንደተፈታ እስረኛ የጠራው ሰማይ›» ብላ አነበበች። «ይሄ ምንድን ነው?»

«የሰማዩ ሁኔታ ነው።»

«እኔ እንደዚህ ብያለሁ?»

«አላልሽም።»

«‹ሰማዩን ታየዋለች› ነው ያልኩት።»

ላጲሱን አንሥቶ እስረኛውን አጠፋው። «ሰማዩን ታየዋለች» ብሎ ጻፈ፤ ከዚያም የቀሩትን ቃላት እሷ እንዳለችው፣ አንድም ሳይጨምር። ወረቀቱን አራት ቦታ አጠፈው። የሲዲውን ማኅደር ከፍቶ ከዲስኩ ጀርባ አስገባው፣ ቀጭ አድርጎ ዘጋውና ቦርሳዋ ላይ አስቀመጠላት።