ጭስ ያላየ ቀርከሃ

መጀመሪያ የወረደው ዱቄት ነበር። ከጣሪያው እየተነፋ በልጆቹ ፀጉርና ትከሻ ላይ ያርፍ ጀመር። ከደብረ ማርቆስ የመጣው አስተማሪ ክንዴ የጠመኔ ብናኝ መሰለው። ልጆቹም ተሳሳቁ፤ "አንቺ ደጊቱ፣ ፊደል ሳትጨርሺ ሸበትሽ!" እያሉ።

የደጊቱ አባት ዓለምነው ግን እንዳየው አወቀው። ልጁን ሊወስድ መጥቶ በር ላይ ቆሞ ነበር። ከመደቡ ላይ ጥቂት ብናኝ በጣቱ አንሥቶ አሸው። ጠመኔ ነጭ ነው፤ ይህ ቢጫ ነው። ነቀዝ የበላው ለጋ ቀርከሃ። ጣቱን በጋቢው ጠርጎ ልጁን ይዞ ሄደ።

ትምህርት ቤቱ ከተሠራ ገና አንድ ክረምት ማለፉ ነው። በ1954 ዓ.ም. ነው መንደሪቱ ልጆቿን እንጅባራ ድረስ መላክ ስላልቻለች የራሷን ልትሠራ የተስማማችው። ሌላው ሣርና ጉልበት ሲያዋጣ ቀርከሃው በዓለምነው ላይ ወደቀ፤ እንደ እርሱ ያለ የቀርከሃ ደን ያለው አልነበረምና። የደረሰ ቀርከሃ ነጣ ነጣ ያለ ጠቃጠቆ ያወጣል፤ ሲያንኳኩት ይጮኻል። ዓለምነው ያን ለወንድ ልጁ ለውዱ የሠርግ ቤት አስቀረና ለትምህርት ቤቱ ገና አረንጓዴውን ቆረጠ። "የእኔ ማድቤትስ በለጋ አይደል የተሠራው? ይኸው ቆሟል" ብሎ ራሱን አሳመነ። ማድቤቱን ከነቀዝ የጠበቀው የምድጃው ጭስ መሆኑን ሳያስበው ቀረ። ትምህርት ቤት ምድጃ የለውም።

ማክሰኞ ዕለት የጣሪያው አግዳሚ ቀርከሃ ተሰበረ። ልጆቹ ለዕረፍት ወጥተው ስለነበር የተጎዳ የለም። አግዳሚው ላይ የተሰቀለው ጥቁር ሰሌዳ ግን ወድቆ ተሰነጠቀ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ዝግባው ሥር ተሰበሰበ።

"ሰሌዳው ነው እንጂ!" አለ ስማቸው፣ የዓለምነው ጎረቤት። "ያን የሚያህል ሳንቃ ቀርከሃ ላይ ይሰቀላል? ያገር ሰው ቢሆን ይጠይቅ ነበር።"

"የማርቆስ ሰው ቀርከሃ የሚያውቀው በትር ሲሆን ነው" አለ ሌላው፤ ሰው ሳቀ።

የቀረውን በአገውኛ ተባባሉ። ክንዴ አንዱም አልገባው። ዓለምነው ግን ሁሉንም ሰማ፦ አስተማሪው ወዳገሩ፣ ልጆቹም ወደ ከብታቸው ይመለሱ ነው የሚሉት።

ክንዴ ተነሣ። "እውነታችሁን ነው፤ ሰሌዳውን የሰቀልሁት እኔ ነኝ። ነገ እንጅባራ ሄጄ ጥፋቴን ለትምህርት ሹሙ እናገራለሁ። ብቻ ልጆቹን አታስቀሩብኝ።" ከዚያ ወደ ዓለምነው ዞሮ እጅ ነሣ። "አያ ዓለምነው፣ የርስዎን ድካም ከንቱ አደረግሁት። ይቅር ይበሉኝ።"

"ይቅር ለእግዜር" አለ ዓለምነው። ከዚያ ወዲያ የሰውን ፊት ማየት አልቻለም።

ቤቱ ሲደርስ ያለቀውን የውዱን ቤት ዞረው። የጣሪያውን ወራጅ በጣቱ አንኳኳ፤ ጮኸ።

"አባባ፣" አለችው ደጊቱ፣ "ነገ ትምህርት ቤት ልሂድ ወይስ ከብት ልጠብቅ?"

ወደ ሚስቱ ወደ በቀለች ገባ።

"ጣሪያውን ላወርደው ነው።"

"የምኑን?"

"የውዱን።"

"ምን ነካህ ሰውዬ? ሙሽራዪቱን ሜዳ ላይ ልታስገባት ነው?"

"ከእኛ ጋር ትከርማለች።"

"ሰውስ ምን ይላል?"

"ይበል።"

ሰኞ ጠዋት ክንዴ ለመንገድ ተሰናድቶ ሲወጣ ዓለምነው የደረሰ ቀርከሃ በፈረስ እያስጎተተ ደረሰ። ስማቸው የአንዱን ግንድ ጫፍ ተሸክሞለታል።

"የልጁን ጎጆ አፍርሶ እኮ ነው!" አለ ስማቸው። "እንዲህ ያለ ደግ ሰው የት ይገኛል?"

የክንዴ ዓይን እንባ አቀረረ። "አያ ዓለምነው፣ በምን ቃል ላመስግንዎ..."

"አታመስግነኝ፣ ልጄ። አምናም ይህ ቀርከሃ ደኔ ውስጥ ቆሞ ነበር። ለጋውን የሰጠኋችሁ እያወቅሁ ነው። ሰሌዳህ ምንም አላጠፋ።"

የተናገረውን ለስማቸው በአገውኛ ደገመለት። ስማቸው ሁለቱንም ቋንቋ እንደሚያውቅ እያወቀ፣ መንደሩ አስተማሪውን ባማበት ቋንቋ ደገመው።

ስማቸው የተሸከመውን ጫፍ መሬት ላይ አኖረና ወደ ቤቱ አቀና። ዓለምነው ግንዱን ብቻውን ሊጎትት ጎንበስ አለ። ክንዴ ቆሞ አየው። ቆይቶ ኮቱን አውልቆ በሩ ላይ ሰቀለና የተጣለውን ጫፍ አነሣ። ይቅር አላለውም።

"በየት በኩል ነው?" ብቻ አለው።