የሰኞ ልብስ

ልብስ ሰፊዋ ከሳምንቱ ቀናት የምትጠላው እሑድን ነው። እሑድ አመሻሽ ላይ ልጇ ከአባቷ ቤት ትመለሳለች፤ ስትመለስ ደግሞ በሄደችበት ልብስ አይደለም። አንድ ጊዜ ሰማያዊ ጃኬት፣ ሌላ ጊዜ ወገቡ ላይ ሸንሸን ያለ ቀሚስ፣ ብቻ ሁልጊዜ አዲስ ነገር ለብሳ በሩን ትከፍታለች። የአባቷ ሚስት ልብስ ቤት አላት። መልከ መልካም ናት፣ አንደበቷ ለስላሳ ነው፣ ወገቧም ሱቋ መስኮት ላይ እንደቆመው አሻንጉሊት ቀጭን ነው። ሰፊዋ ይህን ሁሉ ችላ ብትኖር ኖሮ ቅድስት በተባለች ነበር። አልቻለችም።

ልጅቷ ልትታጠብ ስትገባ ጠብቃ ልብሱን ገልብጣ ትመረምረዋለች። ሃያ ዓመት ስፌት መኪና ላይ የተቀመጠች ሴት ናት፤ የተንጋደደ ስፌት ከመንገድ ማዶ ይታያታል። አንዲት ያመለጠች ክር ወይም አንድ የተጨማደደ ኮሌታ ብታገኝ ለሳምንት ይበቃት ነበር። አታገኝም። ልብሱ ጥሩ ነው። ቆሽቷን የሚያሳርረውም ይኸው ጥሩነቱ ነው።

«ያምራል አይደል እማዬ?» ትላታለች ልጅቷ ፎጣ ጠምጥማ ብቅ ስትል።

«እኔ ምን አውቄ። የዘመኑ ነገር አይገባኝም።»

ሰኞ ግን ሌላ ነው። ሰኞ ጠዋት ልጅቷ እናቷ የሰፋችላትን ዩኒፎርም ትለብሳለች፤ አረንጓዴ ጉርድ፣ ነጭ ሸሚዝ። ሰፊዋ ኮሌታዋን ታቃናላታለች፣ ከትከሻዋ ላይ የሌለ አቧራ ታራግፋለች፣ ያኔ ልጇ ተመልሳ የሷ ትሆናለች። ሁለት ቀን ለእንጀራ እናት፣ አምስት ቀን ለእናት። ይህን ክፍፍል ለማንም ተናግራ አታውቅም፤ ሆድ ይፍጀው ብላ ይዛዋለች።

ከትምህርት ቤቱ ደብዳቤ የመጣው እንግዲህ ነገሩ እንዲህ እንዳለ ነው። ዩኒፎርም ይቅር ወይስ ይቀጥል፣ ወላጆች ቅዳሜ ጠዋት ተሰብስበው በድምፅ ብልጫ ይወስኑ ይላል። ሰፊዋ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ዩኒፎርም ከቀረ ሰኞም እሑድ ሊሆን ነው፤ ማክሰኞና ረቡዕም እንደዚያው። ያቺ ሴትዮ ሳምንቱን ሙሉ ልጇን ልታለብስባት ነው!

ቅዳሜ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። አንድ የጥርስ ሐኪም ብድግ ብሎ፣ «ልጆቻችን ወታደር አይደሉም፤ ምን ቆርጦን ነው አንድ ዓይነት የምናለብሳቸው?» አለ። የአምስት ልጆች እናት ከተቀመጠችበት ሳትነሳ፣ «ያንተ አንድ ነው! እኔ በየጠዋቱ ምን ልልበስ የሚል አምስት አፍ የምችልበት አንጀት የለኝም» ስትል ሰው በሳቅ ፈረሰ። ክርክሩ ጦፈ። ነፃነት የሚለውም፣ ሥርዓት የሚለውም፣ ከሁለቱም አንዱን ሳይል ብቻ ማውራት የፈለገውም ተናገረ።

ከዚያ ሰፊዋ ተነሳች። ለአፍ ዳገት የለውም ይባላል፤ ያን ቀን የሷ አፍ ጭራሽ ቁልቁለት አግኝቶ ነበር። «መምህሩ የልጁን ፊት እንጂ የአባቱን ኪስ ማየት የለበትም» አለች። «ያለው እንዳሻው ለብሶ ከመጣ፣ የሌለው ዓይኑ ደብተሩ ላይ አይውልም። ጓደኛው ጫማ ላይ ነው የሚውለው። ይሄን ለልጆቻችን እንመኛለን ወይ?»

አዳራሹ አጨበጨበላት። ከኋላ ሁለት ሴቶች፣ «እንጀራዋ ነዋ፤ ግማሹን ተማሪ የምታለብሰው እሷ አይደለች?» ተባባሉ። ተሳስተዋል። ሰፊዋ እንጀራዋ ትዝም አላላት። ስለ ጓደኛ ጫማ ያን ሁሉ ስትናገር የራሷ ዓይን ሦስተኛው ረድፍ ላይ ካለ አንድ ጥንድ ቀይ ጫማ አልተነቀለም። ጫማው የማን እንደሆነ መናገር አያሻም።

ባለ ቀይ ጫማዋ፣ ልብስ ሻጯ፣ እጇን አነሳች። ሰው ሁሉ «ዩኒፎርም ይቅር» እንደምትል እርግጠኛ ነበር።

«ልብስ ነጋዴ ነኝ፤ ዩኒፎርም ቢቀር የምጠቀመው እኔ ነኝ» አለች ቀስ ብላ። «ግን ይቀጥል ነው የምለው። እኛ ልጃችን ሁለት ቤት አላት። በየጠዋቱ ልብስ ምረጪ ስንላት ከኔና ከእናቷ አንዳችንን ምረጪ ማለታችን ነው። ዩኒፎርሙ ከዚህ ያሳርፋታል። ከራሴ አይደለም፤ እሷው ናት የነገረችኝ።»

ሌላ ሴት ብትሆን ደስ ይላት ነበር። ጠላት ብላ የፈራቻት ሴት ከጎኗ ቆመችላት እኮ! ሰፊዋ ግን ከንግግሩ ሁሉ የሰማችው የመጨረሻውን ብቻ ነው። እሷው ናት የነገረችኝ። ለኔ ያልነገረችኝን ለሷ! አምስት ቀን እኔ ቤት ድምፅ የሌላት ልጅ እዚያ ሄዳ ልቧን ትዘረግፋለች! ሴትዮዋ የቀማቻት ልጇን ማልበሱን ብቻ መስሏት ነበር።

«ይቀጥል የምትሉ?» አሉ ርዕሰ መምህሩ።

ቀድማ የወጣችው የልብስ ሻጯ ጥፍሯ የተቀባ እጅ ናት። የሰፊዋ እጅ እስከ ትከሻዋ ድረስ ተነስታ ነበር፤ ያቺን እጅ ስታይ ተመልሳ ጭኗ ላይ ወደቀች። እልህ ምላጭ ያስውጣል። ሰፊዋም ዋጠች፤ «ይቅር የምትሉ?» ሲባል እጇን ከሁሉም በላይ አንጠራርታ አወጣች። ጸሐፊው ሁለት ጊዜ ቆጠረ። ይቀጥል ያሉ ስልሳ፣ ይቅር ያሉ ስልሳ አንድ። ውሳኔው ከሳምንት በኋላ ባለው ሰኞ ይጀምራል ተባለ።

ልብስ ሻጯ ዞር ብላ አየቻት። አልተናደደችም፤ ግራ ነበር የገባት። ሰፊዋ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

ዜናውን ስትሰማ ልጅቷ፣ «እሺ» ብቻ አለች። ለሷ የምትነግሪያትን ለኔም ንገሪኝ የሚለው ቃል ሰፊዋ ምላስ ጫፍ ላይ ደርሶ ተመለሰ። በቃል ያቃታትን በመርፌ ልትለው ተነሳች። የደንበኞቿን ሥራ ሁሉ ወደ ጎን ገፍታ ሳምንቱን ሙሉ አንድ ቀሚስ ሰፋች፤ ቀለሙ ወይን ጠጅ፣ ቁልፎቹ በዚያው ጨርቅ በእጅ የተለበጡ። በሕይወቷ እንዲህ ያለ ልብስ ሰፍታ አታውቅም። እሑድ ልጅቷ ከአባቷ ቤት ስትመለስ ደግሞ በላስቲክ የተጠቀለለ ቢጫ ቀሚስ ይዛ መጣች። ሁለቱን ቁም ሣጥኑ በር ላይ ጎን ለጎን ሰቀለቻቸው።

«የቱን ነው የምትለብሺው?» አለች ሰፊዋ፣ ግድ የሌላት ለመምሰል እየሞከረች።

«ነገ አያለሁ እማዬ።»

ሰኞ ጠዋት ልጅቷ ስትለብስ ቆሞ ማየት አቃታት። ሥራ አለብኝ ብላ ቀድማት ወጣች፤ እግሯ ግን ወደ ሥራ ቦታዋ ሳይሆን ወደ ትምህርት ቤቱ በር ወሰዳት። ተማሪው በቀይ፣ በሰማያዊ፣ በተቀደደ ጂንስ፣ በአብረቅራቂ ጫማ ይጎርፋል። ሰፊዋ አንገቷን አስግጋ ወይን ጠጅ ፈለገች። ወይን ጠጅ ካጣች ደግሞ ቢጫውን አይታ ቁርጧን ማወቅ ፈለገች።

ከበሩ ማዶ፣ ከቆመ ሚኒባስ ኋላ ሌላ ሴት አንገቷን አስግጋለች። ልብስ ሻጯ ናት። ዓይን ለዓይን ተጋጩ። ሁለቱም ለምን እንደመጡ ገባቸው፤ ሁለቱም ሌላ ነገር የሚያዩ መሰሉ።

ልጅቷ መጣች። አረንጓዴ ጉርድ፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሳለች።

ከዚያ ሁሉ ቀለም መሃል ከሩቅ የምትለየው እሷ ብቻ ነበረች። «ረስተሽው ነው?» ብሎ አንዱ ሲጮህ ሌሎቹ ተንጫጩ። ልጅቷ መጀመሪያ እናቷን አየች፤ ከዚያ ከሚኒባሱ ጎን ያለችውን። ቆመች። ወደ አንዷም አልሄደችም፣ ለአንዷም እጇን አላነሳችም። ቦርሳዋን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ አቅፋ፣ አቀርቅራ ገባች።

ሰፊዋ ያኔ ገባት። ያን ቅዳሜ ያንን እጇን ስታነሳ የቀማችው ሴትዮዋን አልነበረም፤ ልጇን ነው፣ ያቺኑ ማረፊያዋን።

በሩ ላይ የቆመው አዲሱ ጥበቃ ከንፈሩን መጠጠ። «ምስኪን! ለዚች ልጅ የሚነግራት ሰው የለም እንዴ? ዩኒፎርም እኮ ቀርቷል» አለና ግራና ቀኙ ወደቆሙት ሁለት ሴቶች ተራ በተራ ዞረ። «እናንተ፣ የማን ልጅ ናት?»