ደራርቱ ያነሳችው እባብ

ማንበብ ከመቻሌ በፊት የልጃችንን የደራርቱን ደብዳቤ የሚያነብልኝ ባለቤቴ በንቲ ነበር። ደብዳቤው ሁለት ገጽ ቢሆንም እሱ ሲያነበው ሁልጊዜ አጭር ነው። «ደህና ነኝ፣ እናቴን ሳሙልኝ ትላለች» ይልና አጥፎ ኪሱ ይከተዋል። ደራርቱ ለጤና ሥራ ኦጋዴን በረሃ መሄዷን እንጂ እዚያ ምን እንደምትሠራ አላውቅም ነበር።

በ1975 ዓ.ም. ጥቅምት የመጣውን ግን ራሴ ከፈትኩት። በንቲ ገና ከሥራ አልተመለሰም ነበር። በጣቴ እየተከተልኩ ማንበብ ጀመርኩ።

«አባዬ፣ ለእማዬ እንዳትነግራት እንጂ ትናንት ሦስት እባብ አነሳሁ። አንዱ ከነደፈ የማይምር ነው። በጣም ተጠግቼ ነው ያነሳሁት።»

ሁለተኛውን ገጽ ለማንበብ ዓይኔ እምቢ አለ። ተሳስቼ ይሆናል፣ አበባ ይሆናል ብዬ ፊደሎቹን እንደገና አየኋቸው። እ፣ ባ፣ ብ። እባብ ነው። ከደብዳቤው ጋር አንድ ፎቶግራፍ አለ፤ አሸዋና ጥቂት ጠጠር ብቻ። ምን ሊሆነኝ ነው ብዬ ወደ ጎን አደረግሁት።

ደብተሬን አወጣሁና በሕይወቴ የመጀመሪያውን ደብዳቤ ጻፍኩ። «ደራርቱ ልጄ፣ በጠና ታምሜአለሁ። ሥራውን ተዪና ነይ።» ውሸት ነበር። እንዲህ ካልኳት ግን ሁሉን ጥላ እንደምትመጣ አውቃለሁ።

በአሥር ሰዓት በቀበሌው አዳራሽ የመሠረተ ትምህርት ክፍል ነበረን። ፊደሉን እንድታርምልኝ ለአስተማሪያችን ለወይዘሪት ውዳሴ ሰጠኋት።

«እትዬ አማከለች፣ ታመዋል እንዴ?»

የደራርቱን ደብዳቤ አቀበልኳት። ጥቂት እንዳነበበች ሳቋን ለመያዝ ከንፈሯን ነከሰች።

«ፎቶ እኮ ነው ያነሳችው!»

«እንዴት?»

«እርስዎስ ለምስክር ወረቀቱ ፎቶ ተነስተው የለ? ማን ተሸከመዎት?»

ክፍሉ ሳቀ። አጠገቤ የምትቀመጠው ጎረቤቴ ሸጊቱ ጎኔን ጎሸም አደረገችኝ። «አንቺ ደግሞ! በእጇ አንስታው ቢሆን ደብዳቤውን እባቡ ነው የጻፈው?»

ውዳሴ ሁለተኛውን ገጽ ጮክ ብላ አነበበችልን። ፎቶዎቹ በየጤና ጣቢያው ግድግዳ ይለጠፋሉ። የተነደፈ ሰው የነደፈውን እባብ በጣቱ ያሳያል፤ ሐኪሙም ምን ዓይነት መርዝ እንደሆነ ያውቃል።

«ታዲያ እባቡ የታለ?» አለች ሸጊቱ ፎቶግራፉን ይዛ። ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ውዳሴም አላገኘችውም። እኔ ወደ መስኮቱ ወሰድኩትና ከላይ ከግራ ጀምሬ፣ ገጽ እንደማነብ፣ መስመር በመስመር ሄድኩበት።

መሐል ላይ አንድ ጠጠር አየኝ።

ዓይን ነበር። ከዓይኑ ተነስቼ ጠፍጣፋውን ራስ አገኘሁ፤ ከራሱ በኋላ አሸዋው ራሱ ተጠቅልሎ ተኝቷል። ቅርፊቱ አንድ በአንድ ተደርድሮ፣ ቡናማው ከነጩ ጋር ተሰባጥሮ፣ ጎበዝ ሸማኔ የሠራው ጥለት ይመስላል። ፈራሁት። ዓይኔን ግን ላነሳ አልቻልኩም። ሰው ሳያየው የሚረግጠውን ይህን ፍጥረት ልጄ ፈልጋ አገኘችው። ፎቶው ከመሬት እኩል ስለሆነ በደረቷ ተኝታ እንደነበር ገባኝ። ቤት ውስጥ መርፌ ሲጠፋን ፈልጊ የምላት እሷን ነበር።

«አገኘሽው?» አለች ሸጊቱ።

«እሷ ናት ያገኘችው» አልኳት።

ደብዳቤዬን ቀደድኩትና እዚያው ቁጭ ብዬ ሌላ ጻፍኩ።

«ደራርቱ ልጄ፣ እኔ ደህና ነኝ። እባብሽን አየሁት። አንሺ፤ ስታነሺ ግን ትንሽ ራቅ በይ። ከእንግዲህ ደብዳቤውን ለእኔ ጻፊ። አባትሽ ሲያነብ ያሳጥራል።»